የታሰረ ቀፎ፦ ቡና ስንገዛ የምናውቀውን ስልክ ስንገዛ ለምን እንረሳለን?

የዛሬውን ዋጋ ቀን ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ያላያችሁት ወደ ላይ ውጡና እዩት። አሁን የምጽፈው ስለ ቡናና ሰሊጥ ሳይሆን ዋጋውን ስለምንሰማበት ስልክ ነው። በውስጥ መስመር "ከአሜሪካ የተላከልኝ ስልክ ሲም አልቀበል አለ፣ ምን ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል፤ አንዱ ከነጆ፣ አንዱ ከሻምቡ፣ አንዱ ከደምቢ ዶሎ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው። ደግሞም እኔ ራሴ የተበላሁበት ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም፣ ጀንፈል መግባት ሊጀምር ሲል፣ እዚሁ ወለጋ ያለ አንድ ዩኒየን ለመሰረታዊ ማህበራቱ መዝጋቢዎች ስልክ ሊገዛ አሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጠዋት ዋጋ በቴሌግራም ይወርዳል፣ መዝጋቢው የሚዛኑን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ገንዘብ በስልክ ይጠየቃል። ሊቀመንበሩ ጠሩኝና "ኢልማ ኮ፣ አንተ አዲስ አበባ ትመላለሳለህ፣ ስልክም ታውቃለህ፣ ከሒሳብ ሹሟ ጋር ሆነህ ግዛልን" አሉኝ። "እሺ ኦቦ" አልኩ። ስልክ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበራ።

አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባን። ዘጠኝ ሳምሰንግ፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ። ዋጋው ከጎረቤቱ ሱቅ ይረክሳል። ሻጩ አንዱን ካርቶን ከፈተ፣ ሲሜን አስገባሁ፣ ነቀምቴ ደወልኩ፣ ሊቀመንበሩ አነሱ። "የቀሩትንም ልክፈት?" ስል "ወንድሜ፣ ማሸጊያው ከተቀደደ አዲስ አይባልም፣ ለሰው ስትሰጠው ያምራል" አለኝ። እውነት መሰለኝ። ሒሳብ ሹሟም አሥረኛውን በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ስም ደረሰኝ አስቆርጣ ገዛች። ይቺን ደረሰኝ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጊምቢ ስንደርስ ካርቶኖቹ ተከፈቱ። ከዘጠኙ ስድስቱ ሲም ሲገባባቸው የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ ጠየቁ። የሒሳብ ሹሟም እንደዚያው።

እዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ሰዎች ጥፋቴ ወዲያው ይገባችኋል። ከላይ ካለው አንድ ጆንያ ብቻ ናሙና ወስዶ ሙሉ ጭነት የሚገዛ ነጋዴ ምን ትሉታላችሁ? እሱን ነው የሆንኩት። ርካሽ ቡና የረከሰበት ምክንያት እንዳለው እያወቅኩ ርካሹን ስልክ "ለምን?" ብዬ አልጠየቅኩም።

ጉዳቱ የስልክ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ያ ሳምንት ዋጋ በየቀኑ የሚጨምርበት ሳምንት ነበር። ስልክ የሌላቸው ማዕከላት የትናንቱን ዋጋ ይዘው ሲገዙ ዋሉ። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለው ሰብሳቢ ጨምሮ ሲከፍል ያያል። አንዳንዱ ወደዚያ ሄደ፣ አንዳንዱ "ማህበሬ ነው" ብሎ በዝቅተኛው ሰጠ። በመዝገብ ላይ ለተገኙት ዩኒየኑ በኋላ ልዩነቱን ጨምሮላቸዋል። ማህበሩ ላይ ያለው እምነት ግን በልዩነት ክፍያ ብቻ አይመለስም። አንድ አባት የነገሩኝን አልረሳውም፦ "ስልክ ገዛችሁልን ተባለ፣ እኛ ግን ዋጋ የሰማነው ከሹፌር ነው።"

አሁን ወደ ቁልፉ እንግባ።

ሲም ካርዳችሁ ውስጥ ከስልክ ቁጥራችሁ ሌላ አንድ ረጅም ቁጥር አለ። መጀመሪያ ያሉት 3 አሃዞች የአገር ናቸው፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የኩባንያው ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 02። የታሰረ ቀፎ ሲም ሲገባበት ይህን ቁጥር ያነብና በውስጡ ከተጻፈለት ጋር ያስተያያል። የአሜሪካ ኩባንያ ያሰረው ከሆነ የሚጠብቀው የአሜሪካን ቁጥር ነው፤ 636 ሲያይ በሩን ይዘጋል። ዋይፋይ ይሰራል፣ ካሜራ ይሰራል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል። ስልክነቱ ብቻ ነው የቀረው።

ለምን ያስሩታል? ስልኩን በዱቤ ወይም ከዋጋው ቀንሰው ስለሚሰጡ ነው። ደንበኛው በየወሩ ሲከፍል ዕዳው ያልቃል፤ እስከዚያው ወደ ሌላ ኩባንያ እንዳይሄድ ይታሰራል። በራሱ ሌብነት አይደለም። ችግሩ ዕዳው ካለቀ በኋላም ሳይፈታ ሲቀር ነው፣ ወይም መታሰሩ ሳይነገር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ሰው ሲሸጥ። እኛ ጋ የሚደርሰው ይኸኛው ነው።

በእኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘመኑን ሁሉ ቴሌ አንድ ብቻ ነበር። የሚሄዱበት ሌላ ቤት ከሌለ በር መቆለፍ ምን ያደርጋል? ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለት በር አለ። ስለዚህ "ይህ ቀፎ የትኛውን ሲም ይቀበላል?" የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ የእኛም ጥያቄ ነው።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ "ሎክ ነው" የሚለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። መድኃኒቱም አንድ አይደለም፣ ሞባይል ሰሪ ጋ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የኔትወርክ እስር ነው። ሁለተኛው የባለቤት ቁልፍ ነው፤ አይፎን ላይ የቀድሞው ሰውዬ አካውንት፣ አንድሮይድ ላይ የቀድሞው ጂሜይል ሲጠይቅ። እሱን የሚፈታው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው፣ "በነገው ዕለት እከፍተዋለሁ" የሚላችሁን በጥርጣሬ እዩት። ሦስተኛው በጥቁር መዝገብ የገባ ስልክ ነው፤ ተሰርቋል ወይም ዕዳ አለበት ተብሎ የቀፎው 15 አሃዝ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ የምንለው፣ *#06# ስትደውሉ የሚወጣው) ታግዷል። እኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አይተናል፤ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎ ማስመዝገብ ጀምሮ ያልተመዘገበ አዲስ ስልክ ኔትወርክ አያገኝም ነበር፣ ኋላ ላይ ቀረ። እዚያ ላይ የተቆለፈው ቀፎው ሳይሆን ከኔትወርኩ በኩል ያለው በር ነው። አራተኛው የዱቤ ቁልፍ ነው፣ እሱን ለብቻው አመጣዋለሁ።

አይፎን የያዛችሁ፦ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ "ካሪየር ሎክ" የሚለውን እዩ። የሲም ገደብ የለም ካለ ክፍት ነው። ከሲም ስር የምትገባ ስስ ቺፕ አድርገው "ተከፍቷል" የሚሉ አሉ፤ አልተከፈተም፣ ተታሏል እንጂ። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ይነቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ጭራሽ የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም ማውጣት አለባችሁ። አንድሮይድ ላይ ከሁሉ የሚሻለው ሲም አስገብቶ መደወል ነው። የእያንዳንዱን። በተለይ የእያንዳንዱን!

ኮድ መገመት ደግሞ አይሞከርም። ከስድስቱ አንዱን አንድ መዝጋቢ ቅን አስቦ ሰፈሩ ላለ ሞባይል ሰሪ ሰጠው። ልጁ ኮድ ደጋግሞ ሞከረ። ቀፎው ውስጥ የሙከራ ቆጣሪ አለ፣ ሲያልፍ ትክክለኛውን ኮድ እንኳ አልቀበልም ይላል። ያ ስልክ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ሰዓት ያሳየኛል።

ዘመድ ሚኒሶታ ያላችሁ (ወለጋ ውስጥ የሌለው ማን አለ?) ስልክ ከመላኩ በፊት እዚያው ያስፈታው። ትልቁ ምክሬ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ያለኩባንያው ፈቃድ አዲስ ስልክ መፍታት የቅጂ መብት ሕግ መጣስ ሆኖ ነበር፤ ከ114 ሺህ በላይ ሰው ለዋይት ሐውስ ፊርማ አሰባስቦ፣ በነሐሴ 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ ክልከላውን ያነሳውን ሕግ ፈረሙ። ኩባንያዎቹም ዕዳው ያለቀ ስልክ ሲጠየቁ ለመፍታት ቃል ገብተዋል። ልብ በሉ፣ "ዕዳው ያለቀ" ነው የሚለው። ዘመዳችሁ ገና በየወሩ እየከፈለበት ያለውን ስልክ በስጦታ ከላከ፣ የላከው ቀፎ እንጂ ስልክ አይደለም። ንቡ ገና እዚያ ነው።

ሌሎች አገሮች ነገሩን ከሥሩ ቆርጠውታል። ካናዳ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩባንያዎች ስልክ ክፍት አድርገው እንዲሸጡ፣ የድሮውንም በነጻ እንዲፈቱ አዘዘች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ብቻ የካናዳ ኩባንያዎች ለመክፈቻ 37.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሰብስበው ነበር። ቁጥር የምትወዱ ሰዎች አስቡት፤ ምንም ያልተመረተበት፣ ኮድ ብቻ የተነበበበት ገንዘብ ነው። እንግሊዝም ከታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታሰረ ስልክ መሸጥ ከልክላለች። እና ከእነዚህ ሁለት አገሮች የመጣ አዲስ ቀፎ ከአሜሪካው ይልቅ ስጋቱ ያንሳል፣ ያም ሆኖ ሲም ሳታስገቡ አትክፈሉ።

ወደ ደረሰኟ ልመለስ።

ሻጩ ጋ ሄደን "የታሰረ ሸጥክልን" ስንል መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሕግ ጠቀሰ። ከእኔ የበለጠ አዋጁን ያውቃል! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። ዩኒየን የተፈጥሮ ሰው አይደለም። ስልኩም ለሥራ ነው። ስለዚህ "እናንተ ሸማች አይደላችሁም" አለን፣ አፋችንን ይዘን ቀረን።

ሒሳብ ሹሟ ግን ሸማች ነች። በዚያው አዋጅ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ጉድለት ያለበት ሆኖ ካገኘው ደግሞ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝዋን አውጥታ ቀኑን በጣቷ አሳየችው። አሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ሻጩ ያለ ብዙ ክርክር ሌላ ስልክ ሰጣት፣ እሷም ሱቁ ውስጥ ቆማ ሲሟን አስገብታ ለእናቷ ደወለች። ያው ሱቅ፣ ያው ስልክ፣ ያው ጉድለት፤ የተለያየው ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ነው።

ታዲያ ዩኒየንና ነጋዴ ሕግ የለውም ማለት ነው? አለው፣ ግን ሌላ በር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል (ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያለውን ለጠበቃችሁ ጠቁሙት) ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር ለመስማማቱና ጉድለት ለሌለበት ዋስ ነው ይላል። ለተለመደ አገልግሎቱ የማይውል ዕቃ ጉድለት አለበት፤ ሲም የማይቀበል ስልክ ደግሞ ለምን አገልግሎት እንደሚውል እኔ አላውቅም። ነገር ግን ይኸው ሕግ ገዢውንም ያስገድደዋል፦ ዕቃውን እንደተረከብክ መርምር፣ ጉድለት ስታገኝ ሳትዘገይ ለሻጩ አሳውቅ። ካርቶን እንደታሸገ መጋዘን አስቀምጦ ከሦስት ወር በኋላ መጮህ አይሰራም። ቡና ላኪዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፣ የውጭ ገዢ ጥራት ላይ ቅሬታ የሚያቀርብበት ቀን ውል ላይ ተጽፎ ይገባላችሁ የለ?

እኛ ያዳነን ጠበቃው የጻፈው ደብዳቤ በፍጥነት መድረሱ ነው። ሻጩ አምስቱን ከዋጋው ቀንሶ መልሶ ወሰደ። ስድስተኛውን "እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት" ብሎ አልተቀበለም፣ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ውል ብንጽፍ ኖሮ መቀነስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ደረሰኙ ላይ "ሞባይል፣ ብዛት 9" ብቻ ነው ያለው። አንድ መስመር ትበቃ ነበር፦ "ቀፎዎቹ ለማንኛውም ኔትወርክ ክፍት ናቸው፣ ካልሆኑ ሻጭ ሙሉ ዋጋ ይመልሳል"፤ ከሥሩ የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር። አሁን ዩኒየኑ እንደዚያ ነው የሚገዛው።

የግል ገዢ ሆናችሁ የተበደላችሁ ለንግድ ቢሮ ማመልከት ትችላላችሁ። ቅሬታው ከዕቃ ሻጩ ሳይሆን ከቴሌኮም ኩባንያው ጋር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ፣ ካልፈታው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። በጽሑፍ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በስልክ የተነገረ ቅሬታ ቀን የለውም።

አሁን ስለ አራተኛው ቁልፍ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፣ ምክንያቱም መጪው እሱ ነው።

ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ከጉግል ጋር ሆኖ ስማርት ስልክ በቀን 20 ሽልንግ እየተከፈለ የሚወሰድበትን ዱቤ ጀመረ። ብዙ ሰው ስማርት ስልክ ያገኘው በዚያ ነው፣ መጥፎ ነገር ነው አልልም። ነገር ግን ክፍያ ሲዘገይ ስልኩ ከሩቅ ይቆለፋል። ሲም መቀየር አይፈታውም፤ ቁልፉ የተያዘው በዕዳው ነው።

ይህን ነገር ወለጋ አምጡት። የእኛ ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ ጀንፈል ሲሸጥ። ሐምሌና ነሐሴ የዘር፣ የማዳበሪያና የቀለብ ወር ነው። በየቀኑ ወይም በየወሩ እኩል የሚከፈል ዱቤ ለደመወዝተኛ የተሰፋ ልብስ ነው። ለቡና ገበሬ ከሰጣችሁት ስልኩ የሚቆለፈው ክረምት ላይ ነው፣ እንደገና እስኪከፈት ዕዳው ይከማቻል፣ ኅዳር ሲደርስም ዋጋ መስማት ባለበት ሰዓት ስልኩ ዝግ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ የመንገድ ዳሩ ሰብሳቢ ዋጋውን ይነግረዋል። የሚነግረው ደግሞ የራሱን ዋጋ ነው።

ስለዚህ የዩኒየን አመራሮች፣ "ለአባላቶቻችሁ ስልክ በዱቤ እናቅርብ" የሚል ድርጅት ሲመጣ ከወለድ መጠኑ በፊት የክፍያ ጊዜውን ጠይቁ። ክፍያው ከመኸር በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሁን በሉ። ሲቆለፍ ምን ምን እንደሚቀር ጠይቁ፤ መደወልና መልእክት መቀበል ይቀጥላል ወይ? ዕዳው ያለቀ ዕለት በስንት ቀን ይፈታል፣ ማንስ ይፈታዋል? አባሉ ጊምቢ ሆኖ ለማስፈታት አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ነው? እነዚህን በውል አስገቡ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠይቅ ማንም አይሰማውም፣ ሺህ አባል ያለው ዩኒየን ሲጠይቅ ግን ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚሸበር ልንገራችሁ፦ ቀፎ ሲቆለፍ ገንዘባችሁ አብሮ አይቆለፍም። ቁጥሩም የቴሌብር ሒሳቡም ያለው በሲሙ ነው። ሲሙን አውጥታችሁ ያችኑ ባለ በተን ስልክ ውስጥ ክተቱና *127# ደውሉ። የባንክ መልእክትም እዚያው ይገባል። እኔ አሁን ለየማዕከሉ አንዳንድ ባለ በተን መጠባበቂያ ይኑር ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ፣ በዚያ ላይ ባትሪዋ ሳምንት ትቆያለች።

ክፍት ቀፎ ሁሉን ይፈታል ብዬም አልዋሽም። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲቆይ የሁላችንም ቀፎ ክፍት ነበር፣ ኔትወርኩ ግን አልነበረም። ለዚያ የሚሆን ኮድ ሞባይል ሰሪ ጋ የለም። ያኔም ዋጋ የሚሰማው ከሹፌር ነበር።

በእጃችሁ የታሰረ ስልክ ያላችሁ የመጣበትን አገርና ሲም ስታስገቡ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ከአራቱ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መለያ ቁጥሩን ግን ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ። የነገ የጊምቢ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት።